የበሽተኛው ቃልና የሐኪሙ መጠይቅ

በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ከሚገኘው ነገር ሁሉ እንደ ቅጽ የበዛ የለም። የቅጥር ቅጽ አለ፤ የፈቃድ ቅጽ አለ፤ የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ አለ። ከመካከላችን ቅጽ ያላዘጋጀ ቢኖር እንኳ ቅጽ ያልሞላ ወይም ያላስሞላ የለም። ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁልጊዜ በልቡ አንድ ነገር ያምናል፤ ይኸውም እርሱ ጥያቄውን በጻፈበት አሳብ ተጠያቂው ይረዳዋል፣ በተረዳበትም አሳብ በእውነት ይመልስልኛል ብሎ ነው። ይህ እምነት ሳይመረመር የሚኖር እምነት ነው። በዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ስሕተት ቢገኝ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ሠላሳ ደብተር የፈለገው ክፍል ሃያ ቢደርሰው በሚመጣው ወር ይሟላለታል። ቅጹ የቀረበለት ሰው በሽተኛ የሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ የነፍስ ነገር ይሆናል።

ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ሐኪሞች ለበሽተኞች የሚያቀርቡት መጠይቅ በማን ቃል ሊጻፍ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ባለፉት ሰባ አምስት ዓመታት ያህል ያሳለፈውን ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አክስቴ ለብዙ ወራት እንቅልፍ አጥተው ከሰውነት ጐዳና በወጡ ጊዜ ወደ አንድ ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄድሁ። ቅጹን የሚሞላው ወጣት አስታማሚ ትሑትና ሰው አክባሪ ነበር። «እናቴ፣ እንደ ምን ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። «ምግብ ይበላሉ?» ቢላቸው፣ «ተመስገን፣ ምን ይጐድልብኛል» አሉ። «እንቅልፍስ?» አላቸው፤ «እርሱ የሰጠኝን ያህል» ሲሉ መለሱለት። በመጨረሻም ከቅጹ ላይ እያነበበ «ሐዘን አለብዎት?» አላቸው። አክስቴም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «የለብኝም ልጄ፤ ካቻምና ወንድሜን ቀብሬ ተዝካሩን አውጥቻለሁ» አሉት። ወጣቱ አራት ጊዜ «የለም» በሚለው ላይ ምልክት አደረገና ለራስ ምታት የሚሆን ክኒን ታዝዞላቸው ወጣን። በመንገድ ላይ ደክሟቸው ከአንድ ድንጋይ ላይ ዐረፍ ሲሉ፣ «ሆዴ ባብቶ ነው እኮ ልጄ፤ ሌሊቱን ሁሉ ሐሳብ ሲያመላልሰኝ ያድራል፤ አንዳንድ ጊዜስ ምነው በወሰደኝ እላለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አስታማሚው አልዋሸም፤ አክስቴም አልዋሹም። ጥያቄው ትክክለኛ አማርኛ ነበር፤ መልሱም ትክክለኛ መልስ ነበር። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሐሰት ሆነ። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ግን በሽታውን የሸሸገው በሽተኛው ሳይሆን ጥያቄው ነበር። ይህ ስሕተት በእኛ አገር ብቻ የታየ ሳይሆን የሠለጠነውም ዓለም ለብዙ ዘመን ሲሳሳተው የቈየ ነገር መሆኑን ከዚህ ቀጥለን እናያለን።

በቀድሞ ዘመን የሐኪምና የበሽተኛ ነገር የሁለት ሰዎች ጭውውት ነበር። ሐኪሙ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ይጠይቃል፤ በሽተኛው ያወራል፤ ሐኪሙም ካልገባው መልሶ ይጠይቃል። በኋላ ግን ከተሞች እየሰፉ፣ በሐኪም ቤት ደጃፍ የሚጠባበቀው ሕዝብ እየበዛ በሄደ ጊዜ ሁሉን አንድ በአንድ አስቀምጦ ማነጋገር አስቸጋሪ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ለውትድርና የሚመለመሉትን ወጣቶች በብዛትና በፍጥነት መመርመር ባስፈለጋት ጊዜ፣ በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሊቃውንት በጽሑፍ የሚሞላ አጭር መጠይቅ አዘጋጁ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ኪቭ ብሮድማን፣ ሃሮልድ ዎልፍና ባልደረቦቻቸው ከዚሁ ልምድ ተነሥተው በ1949 የኮርኔል የሕክምና መጠይቅ ተብሎ የታወቀውን ሥራ አወጡ። መጠይቁ 195 ጥያቄዎች ሲኖሩት በሽተኛው ለእያንዳንዱ «አዎን» ወይም «አይደለም» በሚለው ላይ ምልክት እያደረገ ራሱ ይሞላው ነበር። ከዓይንና ከጆሮ ጀምሮ እስከ ልብ፣ እስከ ጨጓራ፣ እስከ አእምሮ ጭንቀት ድረስ ያልተጠየቀ የሰውነት ክፍል አልነበረም።

የዚህ መጠይቅ ጥቅም ታላቅ እንደ ነበረ መካድ አይገባም። ሐኪሙ በሽተኛውን ከማየቱ በፊት ስለ በሽተኛው ብዙ ነገር ሊያውቅ ቻለ፤ ጊዜም ተረፈለት። አዘጋጆቹም ጥያቄዎቹን ተራው ሰው በሚያውቀው ቀላል ቋንቋ ለመጻፍ ደክመዋል። ሆኖም ምን ምን እንደሚጠየቅ የወሰነው ሐኪሙ ነበር። ሐኪሙ ያላሰበው ሕመም ከወረቀቱ ላይ ቦታ አልነበረውም፤ በወረቀቱ ላይ ቦታ የሌለውም ሕመም እንደሌለ ይቈጠር ነበር። ይህን ጠባይ ሁላችን ከየቅጾቻችን እናውቀዋለን፤ ከተሰጡት ሣጥኖች በአንዱም የማይገባ ባለጉዳይ ምን እንደሚደርስበት ሲደርስ አይተናል።

ከዚህ ልማድ ለመውጣት ከረዱት ሰዎች አንዱ ሮናልድ ሜልዛክ የተባሉ የካናዳ ሊቅ ናቸው። ሜልዛክ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በኦሬገን ግዛት ሕመም የጸናባቸውን ሰዎች ያነጋግሩ ነበር። ከእነዚህም መካከል በስኳር በሽታ ምክንያት እግራቸው የተቈረጠ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እኒህ ሴት የሌለው እግራቸው እንዴት እንደሚያማቸው ሲናገሩ ቃላቸው ሕያውና ልዩ ልዩ ስለ ነበር ሜልዛክ ተደንቀው ቃሉን በማስታወሻ ይጽፉ ጀመር። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ስለ ሕመም የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ብዛቱን ብቻ ነበር፤ ጥቂት ነው ወይስ ብዙ ነው ይሉ ነበር። ሜልዛክ ግን ሕመም መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነትም እንዳለው፣ ዓይነቱንም የሚያውቀው ታማሚው ብቻ እንደ ሆነ፣ የሚያስታውቀውም በቃሉ እንደ ሆነ አስተዋሉ።

በ1971 ሜልዛክ ከዋረን ቶርገርሰን ጋር ሆነው ስለ ሕመም የሚነገሩ 102 ቃላት ሰብስበው በየወገናቸው ከፈሉ። አንዳንዱ ቃል ሕመሙ በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ይናገራል፤ አንዳንዱ ሕመሙ በመንፈስ ላይ የሚያሳድረውን ፍርሃትና ድካም ይገልጻል፤ ሌላው ደግሞ ሕመሙ በጠቅላላው ምን ያህል የከበደ መሆኑን ይመዝናል። ከዚህም በመነሣት በ1975 ሜልዛክ 78 ቃላትን በ20 ክፍል መድበው የማጊል የሕመም መጠይቅ የተባለውን አወጡ። ስሙ የተወሰደው በሞንትሪያል ከተማ ካስተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በሽተኛው ከየክፍሉ ሕመሙን የሚመስለውን ቃል ይመርጣል፤ ሐኪሙም ከምርጫው የሕመሙን ጠባይ ይረዳል።

ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ጥርስ ይጠዘጥዛል፤ ራስ ይፈልጣል፤ ጐን ይወጋል፤ አጥንት ይቈረጥማል፤ ቁስል ይመዘምዛል፤ ሆድ ይቈርጣል፤ ጨጓራ ያቃጥላል፤ ጅማት ይነዝራል። እነዚህን ሁሉ «ያማል» በሚል አንድ ቃል ብንተካቸው የሚጠፋው የንግግር ውበት ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙ በሽታውን ከሌላው በሽታ የሚለይበት ምልክት አብሮ ይጠፋል። ባላገሩ «ጐኔን ውጋት ያዘኝ» ሲል የሚሰጠው ዜና ከ«ሕመም አለብኝ» እጅግ ይበልጣል።

እንግዲህ ይህን ቃል የመሰብሰብ ሥራ ወደ ሥርዓት ያመጣው ዓይነታዊ ጥናት የሚባለው የምርምር ዘዴ ነው። ቍጥራዊ ጥናት ስንት ሰው፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ብሎ ይቈጥራል። ዓይነታዊ ጥናት ግን ነገሩ ምንድር ነው፣ ሰውየውስ ምን ብሎ ይጠራዋል፣ ለእርሱ ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቃል። ባርኒ ግሌዘርና አንሰልም ስትራውስ የተባሉ ሁለት የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎች በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በሚገኙ ሐኪም ቤቶች ለሞት የተቃረቡ በሽተኞች እንዴት እንደሚያዙ ካጠኑ በኋላ፣ በ1967 ስለ ዘዴው ዝነኛ መጽሐፍ አወጡ። ዋና አሳባቸውም ተመራማሪ ያለቀለት አሳብ ይዞ ወደ ሰዎች ከመሄድ ይልቅ አሳቡን ካየውና ከሰማው ነገር ያውጣው የሚል ነበር።

ይህ ዘዴ ለበሽተኞች መጠይቅ ሲውል አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ተመራማሪው ሕመሙ ያለባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ወይም በትንንሽ ቡድን አስቀምጦ፣ «ሕመምዎ ምን ይመስላል? መቼ ይብስብዎታል? ምን ከመሥራት ከለከለዎት?» እያለ በሰፊው ያናግራል፤ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚያሰኝ ጥያቄ አያቀርብም። ሁለተኛ፣ የተነገረው ሁሉ እንደ ተነገረ ይጻፋል፤ ተመራማሪው አያርመውም፣ ወደ መጽሐፍ ቋንቋም አይለውጠውም። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ተደጋግሞ እየተነበበ ብዙዎች የሚሉት ይለያል፤ አንድ ነገር በየስንት ዓይነት ቃል እንደሚነገርም ይታያል። አዲስ ሰው ቢጠየቅ አዲስ ነገር የማይገኝበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ጕድጓድ ቈፋሪ ውኃ ላይ እንደሚቆም፣ መጠየቁ ይቆማል። አራተኛ፣ ከዚህ ቃል ጥያቄዎች ይጻፋሉ። አምስተኛ፣ ብዙዎች የሚዘልሉት ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ሥራ ይመጣል፤ የተጻፈው ጥያቄ እንደገና ለሰዎች ይቀርብና «ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ምን መሰለዎት? በራስዎ አነጋገር ቢነግሩኝስ?» ተብለው ይጠየቃሉ። አክስቴ «ሐዘን» የሚለውን ቃል ምን ብለው እንደ ተረዱት አስቀድሞ የጠየቃቸው ቢኖር ኖሮ፣ ያ ቃል በዚያ ቅጽ ላይ ባልተጻፈ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቍጥር የሚመጣው፤ መጠይቁ ለብዙ ሰው ቀርቦ በሽተኛውን ከጤነኛው በትክክል መለየቱ በሒሳብ ይፈተናል።

አሁን ወደ እኛ ወደ አፍሪቃውያን ጕዳይ እንምጣ። በ1970ዎቹ ዓመታት የዓለም የጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ በሌለበት አገር የመንፈስ ጭንቀት ያለበትን ሰው ተራው የጤና ሠራተኛ እንዲለይ የሚያስችል አጭር መጠይቅ ፈለገ። ከቀድሞ መጠይቆች ተውጣጥቶ የተሰናዳውም ራስን ማስታወቂያ መጠይቅ በኮሎምቢያ፣ በሕንድ፣ በሱዳንና በፊሊፒንስ ተሞክሮ ውጤቱ በ1980 ታተመ። ሃያዎቹ ዋና ጥያቄዎች «ብዙ ጊዜ ራስዎን ያምዎታል? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? እንቅልፍ እንቢ ይልዎታል?» የሚሉና እነዚህን የመሰሉ ናቸው። ይህ መጠይቅ በብዙ ቋንቋ ተተርጕሞ ብዙ አገልግሏል፤ ወደ አማርኛም ተመልሷል።

ይሁን እንጂ መተርጐም ብቻውን እንደማይበቃ ወዲያው ታየ። በኢትዮጵያ የሠሩት ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን በ1990 ባወጡት ጽሑፍ መጠይቁ በአገራችን ሲሠራበት የታዩትን ጕድለቶች ገልጸዋል። ጠያቂው ቃሉን በጻፈበት አሳብና ተጠያቂው በተረዳበት አሳብ መካከል ልዩነት ተገኝቶ ነበር፤ ስለዚህም «አዎን» የሚለው መልስ ሁልጊዜ የበሽታ ምስክር፣ «አይደለም» የሚለውም ሁልጊዜ የጤና ምስክር ሊሆን አልቻለም።

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1987 በስኮትላንድ ለወለዱ እናቶች የወጣው የኤዲንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት። ከእነርሱ አንዱ በእንግሊዝኛው አነጋገር ቃል በቃል ቢመለስ «ነገሮች በላዬ ላይ እየወጡብኝ ነው» የሚል ይሆናል። እንግሊዛዊቷ እናት ይህን ስታነብ ሥራው ከአቅሟ በላይ እንደ ሆነባት ማለት መሆኑን ወዲያው ታውቃለች። የእኛ አገር እናት ግን ምን እንደ ወጣባት ዞር ብላ ትመለከት ይሆናል። በሌላ የታወቀ የጤና መጠይቅ ላይም የሰማያዊ ቀለም ስም የሐዘን ስም ሆኖ ገብቷል፤ በእኛ ዘንድ የሐዘን ቀለም ጥቁር መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም። በቡታጅራ አካባቢ በወለዱ እናቶች ላይ ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት፣ የኤዲንብራው መጠይቅ የተጨነቁትን እናቶች በመለየት ረገድ ከዓለም የጤና ድርጅቱ መጠይቅ ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል። ምክንያቱ የቃላት ጕዳይ ብቻ ነው አይባልም፤ ነገር ግን በአንድ አገር የተመሰገነ መሣሪያ በሌላ አገር ሳይፈተን መታመን እንደማይገባው በቂ ትምህርት ነው።

ከአገራቸው ወጥተው የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይኸው ችግር ደርሶባቸዋል። በ1984 እና በ1985፣ ኋላም በግንቦት 1991፣ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል በተወሰዱ ጊዜ ሐኪሞቹ አዲስ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን አዲስ የሕመም አነጋገርም ገጠማቸው። በእኛ ባህል ሰው ጭንቀቱን የሚናገረው ብዙውን ጊዜ በሆዱ፣ በልቡና በአንጀቱ ነው። ሆዱ ይብሰዋል፤ ልቡ ይደክማል፤ አንጀቱ ያርራል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ሆድ ተብሎ ሲነገረው ሆድ ይመረምራል፤ ምንም ባላገኘም ጊዜ በሽተኛው ጤነኛ ነው ብሎ ያሰናብተዋል። የእስራኤልና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከሮበርት ጊል ጋር በኅብረት ሠርተው ነባሩን መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን እንዲስማማ ያሻሻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሮበርት ጊል በ1960ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ የሠሩ ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። ሥራው በ2008 በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ፍሬ ነገሩም ቃሉን ከመተርጐም ይልቅ ሰው ጭንቀቱን በገዛ አነጋገሩ እንዴት እንደሚገልጸው መርምሮ ያንኑ አነጋገር በመጠይቁ ውስጥ ማስገባት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን የዚህን አሳብ ፍሬ አብስሎ ያሳየው ሥራ የተደረገው በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቪክራም ፓቴል የተባሉ ሕንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ከዚምባብዌ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ የሾና ቋንቋ ተናጋሪ የሆነው ሕዝብ የመንፈስ ጭንቀትን ምን ብሎ እንደሚጠራው ለማወቅ ተነሡ። ከውጭ የመጣ መጠይቅ ተርጕመው አልጀመሩም። በመጀመሪያ በመንደር ጤና ሠራተኞች፣ በአስታማሚዎች፣ በባህል ሐኪሞችና በጸሎት በሚፈውሱ ሰዎች ዘንድ ሄደው ጠየቁ። ቀጥሎም ወደ እነዚህ ፈዋሾችና ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚመጡትን በሽተኞች ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ምክንያቱም ምን እንደሚያስቡ በገዛ ቃላቸው አናገሩ።

ከዚህ ሁሉ ንግግር አንድ ቃል እየተመላለሰ መጣ፤ ይኸውም «ኩፉንጊሲሳ» የሚል ነው። ትርጕሙም ሐሳብ ማብዛት፣ ከመጠን በላይ ማሰብ ማለት ነው። ሕዝቡ ይህን እንደ ሕመም ምልክትም፣ እንደ ሕመም ምክንያትም ይቈጥረው ነበር። በሽተኞቹ የአውሮፓ ሐኪሞች ለድባቴ የሰጡትን ስም አያውቁም ነበር፤ ሕመሙን ግን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በዚህ ሁኔታ ከሕዝቡ አፍ ከተሰበሰበው ቃል 14 ጥያቄዎች ያሉት የሾና የሕመም ምልክቶች መጠይቅ ተሰናዳ፤ በ1997ም ታተመ። ጥያቄዎቹ ስላለፈው አንድ ሳምንት የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሰውየው በጥልቅ ወይም ስለ ብዙ ነገር ያስብ እንደ ነበረ ይጠይቃል። ሌሎቹም በጥቂቱ ነገር መቈጣትን፣ ክፉ ሕልምን፣ የሆድ ሕመምን፣ የእንቅልፍ ማጣትን፣ ኑሮው ከብዶት ማልቀስን፣ የሥራ ወደ ኋላ መቅረትንና ራስን የማጥፋት አሳብን የሚመለከቱ ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የሾናው ሰው ሐሳብ አበዛሁ ሲል የእኛ ሰው ደግሞ «ሐሳብ ገባኝ» ይላል። እገሌ ከሳ፣ እገሌ ጠቈረ በተባለም ጊዜ «ምነው፣ ሐሳብ አለበት ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ ወደ አንድ አነጋገር መድረሳቸው የሚያስደንቅ ነው። ይህ ማለት ግን የሐራሬውን መጠይቅ ተርጕመን እንውሰድ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብናደርግ ያው የነቀፍነው ስሕተት ይሆናል። ልንወስደው የሚገባን አሠራሩን ነው።

የዚህ መጠይቅ ፍሬ በወረቀት ላይ አልቀረም። በ2006 ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ ዚምባብዌያዊ የአእምሮ ሐኪም ምባሬ በተባለው የሐራሬ ሰፈር አዲስ ሥራ ጀመሩ። በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ፣ በሰፈሩ የሚታወቁና የሚከበሩ አሮጊቶች ተመርጠው ሥልጠና ተሰጣቸው። እነዚህ እናቶች በጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ከበሽተኛው ጋር ተቀምጠው ያንኑ 14 ጥያቄ ያለውን መጠይቅ ይጠይቃሉ፤ ሐሳብ የበዛበትንም ሰው ችግሩን አንድ በአንድ እየለየ መፍትሔ እንዲፈልግ ያግዙታል። ይህም የወዳጅነት ወንበር ተብሎ ተጠራ። በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2016 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የታተመው ጥናት እንዳስታወቀው፣ በዚህ ወንበር የተረዱት ሰዎች በተለመደው መንገድ ከተረዱት ይልቅ ሕመማቸው በግልጽ ቀሎላቸው ተገኝቷል። አንዲት ብዙ ትምህርት የሌላት እናት ይህን ሥራ ልትሠራ የቻለችው ጥያቄው የእርሷም የጠያቂዋም የበሽተኛዋም ቋንቋ ስለ ነበረ ነው። ጥያቄው በሐኪም ቋንቋ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ያስፈልገው ነበር።

ይህ አሳብ ውሎ አድሮ በሕግ አውጪዎችም ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2009 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ መድኃኒት ለበሽተኞች የሚሰጠውን እፎይታ ከበሽተኞቹ በሚገኝ መልስ ለማስረዳት የሚፈልግ ሁሉ መጠይቁ ሲዘጋጅ በሽተኞቹ ራሳቸው መጠየቃቸውን፣ ጥያቄውንም በትክክል መረዳታቸውን እንዲያሳይ አመለከተ። በ1949 ሐኪሙ ለብቻው ይወስነው የነበረው ነገር ከስድሳ ዓመት በኋላ ያለ በሽተኛው የማይወሰን ሆነ።

እዚህ ላይ ግን ሚዛናችንን መጠበቅ ይገባናል። ዓይነታዊ ጥናት ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ጥቂት ሰዎች የተናገሩት ለብዙዎች እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠው ቍጥር ነው። ዘዴው ጊዜና ትዕግሥትም ይጠይቃል፤ የተነገረውን ሁሉ መጻፍና ማንበብ አድካሚ ነው። ደግሞም የከተማውና የገጠሩ ሰው አነጋገር ስለሚለያይ አንድ ጊዜ የተደረገው ለሁልጊዜ አይበቃም። ለምሳሌ በአሜሪካ ተዘጋጅቶ በ2001 የታተመው ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ በአገራችን ተፈትኗል። በአዲስ አበባ ተፈትኖ በ2013 በታተመው ጥናት በሽተኛውን ከጤነኛው ለመለየት የተሻለው ወሰን 10 ነጥብ ሆኖ ሲገኝ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ተፈትኖ በ2015 በታተመው ጥናት ግን 5 ነጥብ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የአዲስ አበባውን ወሰን ይዞ ወደ ሌላ ስፍራ የሄደ ሠራተኛ ስንቱን በሽተኛ ጤነኛ ብሎ ሊመልሰው እንደሚችል ገምቱ።

አክስቴን በሚመለከት ነገሩን ሳልጨርሰው አልቀርም። በሌላ ሳምንት ተመልሰን ስንሄድ ሌላ አስታማሚ አገኘን። እርሷም ቅጹን ወደ ጐን አድርጋ፣ «እማማ፣ ሌሊት ሐሳብ ይገባዎታል? ሆድስ ይብስዎታል?» አለቻቸው። አክስቴ መልስ አልሰጡም፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ሕክምናቸው የተጀመረው ያን ቀን ነው። ያቺ አስታማሚ አዲስ መድኃኒት አላመጣችም፤ ያመጣችው ሁለት ቃል ነው። ነገር ግን የእርሷ ብልኅነት ከእርሷ ጋር ወደ ቤቷ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሌላ ሠራተኛ ሲተካ አብሮ አይተካም። ዓይነታዊ ጥናት የሚያደርገው ይህን የአንድ ብልኅ ሰው ማስተዋል ወስዶ ለማንኛውም ሠራተኛ በሚሆን ወረቀት ላይ ማስፈር ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፤ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሐኪሞች ባንሆንም በየቀኑ ሰውን በወረቀት እንጠይቃለን፤ በመልሱም እንፈርዳለን። ስለዚህ አዲስ ቅጽ ለማዘጋጀት ብዕር ስናነሣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችን በፊት ከደጃችን ከሚጠብቁት ባለጉዳዮች አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ጠርተን፣ ጥያቄውን አንብበን፣ «ይህ ምን ማለት መሰለዎት?» ብለን እንጠይቅ። የሚፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያች ከሰዓት በኋላ የምናገኘው መልስ ምናልባት ያሳፍረን ይሆናል፤ ነገር ግን እኛ ጥቂት ብናፍር የሚጠየቀው ሰው ከብዙ ጉዳት ይድናል።